ሕፃናት ሥነ ፍጥረትን በቃላቸው ከመያዝ አልፈው ፈጣሪን እንዲወዱ እንዴት እናስተምራቸው?

ወለተ ማርያም (አዲስ አበባ) ጠየቀች፦

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ከ7 እስከ 10 ዓመት የሚሆናቸውን ሕፃናት አስተምራለሁ። ዘንድሮ ከመስከረም ጀምሮ የያዝነው ትምህርት ሥነ ፍጥረት ነው። ልጆቹ ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሦስት ሦስት፣ ዓርብ ደግሞ ሰውን ጨምሮ 4 እያሉ በየዕለታቸው ለይተው ይቈጥራሉ፤ በአርምሞ (በዝምታ)፣ በነቢብ (በመናገር) እና በገቢር (በሥራ) የተፈጠሩትንም ሳይሳሳቱ ይለያሉ። እስከዚህ ድረስ ደስተኛ ነበርሁ።

ባለፈው እሑድ ግን ከሁሉም አጥርቶ የሚያውቀው ልጅ ከክፍል በወጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ምእመናን በሐምሌ ወር በግቢው ከተከሏቸው የወይራ ችግኞች አንዱን ከወገቡ ሰብሮ፣ በተሰበረው እንጨት በጣሪያው ጠርዝ ላይ ያረፈች እርግብ ሲወረውርባት አገኘሁት። የተቈረጠውን ጉቶ እያሳየሁ «ይህን ማን ፈጠረው?» ብዬ ብጠይቀው ሳያመነታ «እግዚአብሔር፣ በዕለተ ማክሰኞ» አለኝ። መልሱ ትክክል ነበር። እኔ ግን በዚያ ትክክለኛ መልስ ፊት የምናገረው ጠፋኝ፤ ምክንያቱም ልጁ ያላወቀው ነገር እንደሌለና በአፉ ያለው ትምህርት እጁ ላይ እንዳልደረሰ በአንድ ጊዜ ገባኝ።

ይህንኑ ለወላጆች ባካፍል አንዲት እናት «ስለ ዛፍና ስለ ወፍ ከምትደክሙ ስለ ጾምና ስለ ንስሐ ብታስተምሩ አይሻልም?» አሉኝ። እርሳቸውም የልጃቸውን መልካም ፈልገው ነው፤ ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። ልጆች ፍጥረትን አይተው ፈጣሪን እንዲወዱ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? ደግሞስ ይህን ስናደርግ ልባቸው ፍጥረቱ ላይ ቀርቶ ፈጣሪውን እንዳይረሳ በምን እንጠብቃቸው? ልምድ ያላችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የአብነት መምህር (ጎጃም) መለሱ፦

ልጄ ወለተ ማርያም፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ጥያቄሽ የሚያሳፍር አይደለም። ቍጥሩን ማስተማርሽ ስሕተት አይደለምና አትተዪው። ነገር ግን አባቶቻችን ፍጥረታት የተፈጠሩት ለምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ «ለአንክሮ፣ ለተዘክሮ፣ ለምግበ ሥጋ፣ ለምግበ ነፍስ» ይላሉ። አንክሮ አይቶ መደነቅ ነው፤ ተዘክሮ ደግሞ በተፈጠረው ነገር የፈጠረውን ማሰብ ነው። እንደማየው ልጆቹ ቍጥሩን አግኝተዋል፤ የቀራቸው አንክሮው ነው። አንክሮ ደግሞ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ አይገኝም።

እኔ ቆሎ ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ የሆነውን ልንገርሽ። ጊዜው ነሐሴ አጋማሽ፣ ቤተ ክርስቲያን «ዕጕለ ቋዓት» (የቁራ ጫጩቶች) ብላ የምትጠራው ወቅት ነበር፤ ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለው ማለት ነው። የኔታ ለቀኑ የሚሆነውን ዜማ ከማስቀጸላቸው በፊት ሁላችንንም ከጎጆ አስወጥተው፣ ዝናቡ እያካፋ ደበሎአችንን ተከናንበን፣ ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር አቆሙን። ከላይ የቁራ ጫጩቶች ይጮኹ ነበር። «ስሙ» አሉን እንጂ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ብዙ ቆየን፤ እግሬ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ እንደቀዘቀዘኝ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ነው ተመልሰን ገብተን፣ ዳዊት ለሚጠሩት ለቁራ ጫጩቶች ምግባቸውን እንደሚሰጥ የተናገረውን ያስተማሩን። መተርጕማን እንደሚያትቱት ጫጩቱ ጥቁር ላባ ሳያበቅል ሲፈለፈል ወላጆቹ «የእኛ አይደለም» ብለው ይሸሹታል፤ እርሱም አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ሲጮኽ እግዚአብሔር ተሐዋስያንን ወደ አፉ እያመጣ ይመግበዋል። እኔም በዚያ ዘመን ከእናቴ ርቄ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ ቍራሽ የምለምን ልጅ ነበርሁ። የኔታ ያን ቀን ስለ ቁራ ብቻ እንዳላስተማሩኝ አንቺም ታውቂዋለሽ።

ቅዱስ ያሬድንም አስቢ። ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ በሸሸ ጊዜ ተስፋውን የመለሰለት አንድ ትል ነው። ዛፍ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲወጣ አይቶ ተመለሰ። ያሬድ የተቀመጠው የሚያስተምረው ሰው ባልነበረበት ዛፍ ሥር ነበር፤ ሆኖም ዝም ብሎ የማየት ጊዜ ነበረው። ልጆችሽ ያ ጊዜ አላቸውን? ከአንድ ሰዓቱ ትምህርት ሩብ ሰዓቱን ለዝምታ ስጪልኝ።

ለእናቲቱ ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ የመጀመሪያው የጾም ትእዛዝ የተሰጠው ስለ ዛፍ ነው። አዳም ጾምን የተማረው «ከዚህ ዛፍ አትብላ» ተብሎ ነውና ስለ ዛፍ ማስተማርና ስለ ጾም ማስተማር ሁለት ትምህርት አይደለም። ልጁ ወይራውን ሲሰብር ያጣው ራሱን መግታትን ነው፤ ጾም የሚያስተምረንም ይህንኑ ነው።

ወንጌላዊ (ሐዋሳ) መለሰ፦

እኅቴ ወለተ ማርያም፣ እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ በአጥቢያችንም ሕፃናትን አስተምራለሁ። ጥያቄሽ የእኛም ጥያቄ ስለሆነ አስተያየት ብሰጥ እንደማትቀየሚኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የመምህሩን ቃል በታላቅ አክብሮት አንብቤአለሁ፤ በአንድ ነገር ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ያሳስበኛል።

ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር እንደሚናገሩ አምናለሁ። ሆኖም ያ ልጅ ወይራውን ሰብሮ በተያዘበት ሰዓት ሰማያት ይቅርታን አይነግሩትም። ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ በመጀመሪያው ምዕራፍ የእግዚአብሔር ኃይል ከፍጥረት እንደሚታወቅ ከተናገረ በኋላ፣ ጥቂት ወርዶ በፈጣሪ ፈንታ የተፈጠረውን ስላመለኩ ሰዎች ይናገራል። ፍጥረትን ማየት ብቻውን ወደ ፍቅር አያደርስም ማለት ነው። ዮሐንስ «እርሱ አስቀድሞ ወዶናልና እኛ እንወደዋለን» ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ልጁ በክርስቶስ የተወደደ መሆኑን ይስማ፤ ከዚያ በኋላ «ይህ የወደደህ ጌታ ወይራውንም የሠራው እርሱ ነው» ብትዪው ዛፉ የወዳጁ ንብረት ይሆንለታል። ቈላስይስ 1፥16 ሁሉ በእርሱና ለእርሱ እንደተፈጠረ ይናገራል። ለእርሱ የሆነውን ደግሞ የሚወደው ሰው አይሰብርበትም።

ከልምዴ አንድ ነገር ልጨምር። ልጆችን ስለሰበሩት ነገር በጓደኞቻቸው ፊት ስንቆጣቸው የሚማሩት መደበቅን ነው። ያ ልጅ ያን ዕለት ተቆጥቶ ከሄደ፣ ምንም ትምህርት ከመጀመርሽ በፊት ለብቻው ወስደሽ እንድታናግሪው እለምንሻለሁ።

የአብነት መምህር (ጎጃም) መለሱ፦

ወንድሜ ወንጌላዊ፣ ስለ ልጁ የተናገርኸው ልቤን ነክቶታል፤ እርሱን ተቀብያለሁ። በቅደም ተከተሉ ግን ብዙ የምንለያይ አይመስለኝም። እኛም ፍጥረትን የምናስተምረው ሁሉ በእርሱ በሆነው በአካላዊ ቃል፣ በክርስቶስ ነው፤ ሥጋ የለበሰው ቃል ወይራውን ካበቀለው ቃል ሌላ አይደለምና። ልዩነታችን ሕፃን ልጅ ይህን አስቀድሞ በጆሮው ይሰማው ወይስ በዓይኑ ይየው በሚለው ላይ ከሆነ፣ ጌታችን ራሱ ስለ አብ መጋቢነት ሊያስተምር በወደደ ጊዜ «ወደ ሰማይ ወፎች ተመልከቱ» ብሎ መጀመሩን አስታውስልኝ።

የደን ባለሙያ (ባሕር ዳር) መለሰ፦

መምህር፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔ የነገረ መለኮት ተማሪ አይደለሁም፤ ለብዙ ዓመታት በደቡብ ጎንደር በአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ውስጥ ሠርቻለሁ። የእኅታችን ጥያቄ በሥራዬ ላይ በየቀኑ የሚገጥመኝ ስለሆነ ጥቂት ልናገር።

በዚያ አካባቢ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ቍልቍል የተመለከተ ሰው ከአድማስ እስከ አድማስ የታረሰ መሬት፣ በመካከሉ ደግሞ እዚህም እዚያም ክብ ክብ ያሉ ጥቅጥቅ ያሉ አረንጓዴ ሥፍራዎች ያያል። በእያንዳንዱ ክብ መካከል አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ደኖች አሉ። ሌላው መሬት ሲራቈት ዝግባው፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶውና ጥቁር እንጨቱ የተረፉት ታቦቱ ባለበት ግቢ ነው። ገበሬውን «ይህን ደን ለምን ጠበቃችሁት?» ብለው ቢጠይቁት ስለ አየር ንብረት አያወራም፤ «ልብሷ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ራቍቷን ትቁም?» ይልዎታል። ፈጣሪን ማክበር ፍጥረትን እንደሚጠብቅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም። እግረ መንገዴንም፣ ልብ ፍጥረቱ ላይ ይቀራል ለሚለው ስጋት መልሱ እዚሁ ያለ ይመስለኛል፤ ያ ገበሬ ለዛፍ ሰግዶ አያውቅም፤ የሚሰግደው በዛፉ ጥላ ውስጥ ላለው መቅደስ ነው።

ሆኖም ሌላም ያየሁት ነገር አለ። ከእነዚህ ደኖች በብዙዎቹ ውስጥ የቆሙት ዛፎች ትልልቅና ያረጁ ናቸው፤ ከሥራቸው ግን ችግኝ የለም። ዘሩ ይወድቃል፣ ይበቅላል፤ ከዚያም ከብቱ ገብቶ ይበላዋል፣ ይረግጠዋል። ሰዉ ዛፉን አክብሮ አልቆረጠም፤ ነገር ግን በእግሩ ሥር የሚበቅለውን ቡቃያ ዛፍ ብሎ አልቈጠረውም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በጥናታቸው ይህን ችግር በስፋት ካሳዩ ባለሙያዎች አንዱ ናቸው። ከመፍትሔዎቹ አንዱ ደግሞ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መካብ ሆኗል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ላይ ይለቀማል፤ ማሳውም ይጸዳል፣ ደኑም ይታጠራል። በአንድ ደብር ካቡ ካለቀ በኋላ በሁለተኛው ክረምት ከአንድ ሽማግሌ ቄስ ጋር ገብተን፣ እርሳቸው በመቋሚያቸው ሣሩን ገለጥ አድርገው ከጣት የማይበልጥ የዝግባ ችግኝ ሲያዩ ጎንበስ ብለው በመስቀላቸው ባረኩት። በዕድሜያቸው ሙሉ በዚያ ግቢ ሲያገለግሉ ችግኙን ያዩት ያኔ ነበር።

መምህርት፣ ልጆችዎን ትልቁን ዛፍ ከማሳየትዎ በፊት ትንሹን ያሳዩአቸው። ኦሪት ዘፍጥረት 2፥15 ሰው በገነት የተቀመጠው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» መሆኑን ይናገራል፤ ይህ ሥራ የተሰጠው ከበደል በፊት ነውና ቅጣት አይደለም። ዘዳግም 22፥6 ደግሞ ጫጩቶቿን ወይም እንቍላሎቿን የታቀፈችን ወፍ እናቲቱን ከልጆቿ ጋር እንዳይወስዱ ያዝዛል። ታላቁ ሕግ ስለ አንዲት ወፍ ጎጆ ሲደነግግ ማየት ለሕፃናት የሚገርም ነገር ነው፤ አንብበውላቸው ይዩ።

እናት (ሚኒሶታ) መለሰች፦

እኔ የምኖረው በስደት ስለሆነ ችግሬ ከእናንተ ይለያል። የ8 ዓመት ወንድ ልጅና የ5 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ፤ አደይ አበባን በሥዕል እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። በኢትዮጵያ ከመስከረም 26 ጀምሮ ለ40 ቀን ዘመነ ጽጌ ተብሎ ማኅሌቱ ሲቆም፣ እዚህ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ከዚያም በረዶው ይመጣል። ልጄ «ማሚ፣ እዚህ አገር ጽጌ የለም እንዴ?» ብሎ በጠየቀኝ ቀን መልስ አጥቼ አለቀስሁ።

የረዳኝ ጸሎተ ሠለስቱ ደቂቅ ነው። ሦስቱ ልጆች በእሳት ውስጥ ሆነው ፍጥረትን ሁሉ፣ ፀሐይን፣ ጨረቃን፣ ዝናቡንና ጠሉን ብቻ ሳይሆን ውርጩንና በረዶውንም፣ እግዚአብሔርን እንዲያመሰግኑ ይጠራሉ። ማታ ማታ ከእራት በኋላ አንድ አንድ መስመር እያነበብሁ ልጆቹ ያን ቀን ያዩትን አንድ ፍጥረት እንዲጨምሩበት አደርጋለሁ። ትንሿ «የጎረቤታችንም ውሻ እግዚአብሔርን ያመስግን» አለች፤ አልከለከልኋትም። በረዶም በቤታችን ከአመስጋኞቹ አንዱ ሆነ እንጂ የስደታችን ምልክት መሆኑ ቀረ።

ሌላው በግድግዳችን ላይ ያለው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ነው። ልጄ አንበሶቹንና ነብሮቹን ይወድዳቸዋል፤ አንድ ቀን ግን ወደ ዓይናቸው የቀረበችውን ወፍ እያሳየኝ «ይህች ወፍ ለምንድን ነው የምትወጋቸው?» አለኝ። እየወጋቻቸው እንዳልሆነ፣ ውኃ ጠምቷት ዕንባቸውን እንደጠጣችና እርሳቸውም እንዳላባረሯት ነገርሁት። ብዙ አልተናገረም። በማግሥቱ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በደረሰበት ጠዋት በጎድጓዳ ሳህን የሞቀ ውኃ ይዞ በረንዳው ላይ አስቀመጠ፤ ሲበርድ ያመጣዋል፣ አሙቄ እሰጠዋለሁ፣ መልሶ ይወስደዋል። የመጣች ወፍ መኖሯን አላውቅም። እርሱ ግን ቅዳሜውን ሁሉ እንዲሁ ሲመላለስ ዋለ።

ወለተ ማርያም (አዲስ አበባ) መለሰች፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለመመለስ ሦስት ሳምንት የወሰደብኝ የነገራችሁኝን ሞክሬ ለመጻፍ ስለፈለግሁ ነው።

በመጀመሪያ ወንድሜ ወንጌላዊ እንደመከረኝ ልጁን ለብቻው አናገርሁት። ያን ዕለት በጓደኞቹ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለነበር ይቅርታ ጠየቅሁት። ይህን አልጠበቀም። ለምን እንደሰበረው ስጠይቀው ችግኝ መሆኑን እንዳላወቀ፣ ዱላ መስሎት እንደነበር ነገረኝ። የደን ባለሙያው ቡቃያውን ዛፍ ብሎ የሚቈጥረው ሰው እንደሌለ የጻፉት በዚያች ቅጽበት ትዝ አለኝ። ወይራን በማኅደረ ትውስታው ይዞ፣ በዕለቱ ቈጥሮ፣ በዓይኑ ግን አይቶት አያውቅም ነበር። ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም ከእርሱ ይልቅ የእኔ ነው።

ከዚያም መምህር እንዳዘዙኝ ሩብ ሰዓት ዝምታ ጀመርን። የመጀመሪያው እሑድ አልተሳካም፤ ሳቅና መገፋፋት ሆነ። በሁለተኛው እያንዳንዱ ልጅ አንድ ነገር ብቻ መርጦ እንዲያይና ያየውን ለእግዚአብሔር በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር አደረግሁ። ንግግሩ ለእኔ ሳይሆን ለእርሱ እንዲሆን ማድረጌ ብዙ ነገር ለወጠ፤ ልቡ ፍጥረቱ ላይ ይቀራል ብዬ የፈራሁት ልጅ ሁሉ አይቶ ሲጨርስ ቀና ማለትን ተማረ። አንዲት ልጅ «ጌታ ሆይ፣ ጉንዳኑ ከራሱ የሚበልጥ ፍርፋሪ ይዞ ሦስት ጊዜ ጣለው፤ አንተ አይተኸዋል?» አለች። እናቲቱም ባለፈው እሑድ መጥተው ከኋላ ቆመው አዩ፤ አስተያየት አልሰጡም፣ ነገር ግን እስኪያልቅ ድረስ አልሄዱም።

ልጁ የሰበረውን ችግኝ ጉቶ ለመንከባከብ ራሱ ጠየቀኝ። በሁለት ሊትር የውኃ ኮዳ እያመጣ ያጠጣዋል፤ ታናሽ እኅቱም ክዳኑን ይዛ ትከተለዋለች። ትናንት «ከሥሩ ይበቅላል ወይስ ሞቷል? አዲስ እንትከል?» አለኝ፤ እኔም አላወቅሁም። የደን ባለሙያ ወንድማችን፣ ምን ልበለው?

የደን ባለሙያ (ባሕር ዳር) መለሰ፦

መምህርት፣ ወይራ ከተቈረጠ በኋላ ከጉቶው ማቈጥቈጥ የሚችል ዛፍ ነው፤ ሥሩ ካልደረቀ ተስፋ አለው። ስለዚህ ገና አይንቀሉት። ቅርፊቱን በጥፍርዎ በጥቂቱ ፋቅ አድርገው ይዩ፤ ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው። ውኃውን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ከሚያፈስበት በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ያጠጣው፤ በዙሪያው ደረቅ ሣር ጎዝጉዞ እርጥበቱን ይያዝለት፤ ፍየል ወይም በግ ወደ ግቢው የሚገባ ከሆነ ደግሞ በእሾህ ይጠረው። ወይራ ዝግ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ በሚቀጥለው እሑድ ለውጥ ካላየ እንዳያዝን አስቀድመው ይንገሩት። አዲስ መትከሉን ግን ለሐምሌ ያቆዩት፤ አሁን ዝናቡ ወጥቷል።